ጭብጨባችን ኪራይ አልከፈለም

ወገኖቼ፣ ያቺን ምሽት ልረሳት አልቻልኩም። እናንተም እንድትረሷት አልፈልግም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የሰፈራችን የሥነ ጥበብ ማዕከል የዓመቱ መዝጊያ ትርኢት ነው። ልጆቻችን ተወኑ፣ ዘፈኑ፣ ጨፈሩ። እኛም ቆመን አጨበጨብን፣ በስልካችን ቀረጽን። ከዚያ መምህርቷ መድረክ ላይ ወጣች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሦስት ወር ኪራይ ውዝፍ አለብን፣ አከራዩም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶናል አለች። «በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብታዋጡልን አንዘጋም።»

ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ፦ «መንግሥት የለም እንዴ? እሱን ጠይቂ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ።

መጋረጃው ስስ ነበር። ልጆቹ የትርኢት ልብሳቸውን ሳያወልቁ ከኋላው ቆመው ይሰሙናል። አንዲት ትንሽ ልጅ ጫፉን ገለጥ አድርጋ አየችን። በማን እንደሳቅን ያኔ የገባት አይመስለኝም። ስታድግ ግን ይገባታል። መምህርቷ «አመሰግናለሁ» ብላ ወረደች። በሩ ላይ የመዋጮ ሣጥን ነበር። እኔ ማንም ሳይደውልልኝ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አለፍኩት።

በሁለተኛው ወር ማዕከሉ ተዘጋ። ያን ጊዜ «ልብ ይሰብራል» ብለን ለመጻፍ ማን ቀደመን! ምን ዓይነት ሰዎች ሆንን?

ሥነ ጥበብ በትኬት ሽያጭ ብቻ አይኖርም። ባውሞልና ቦወን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1966 እ.ኤ.አ. ይህንን በደንብ አስረድተዋል። ፋብሪካ በማሽን ሥራውን ያፋጥናል። ለአራት ሰው የተደረሰ ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፣ የሚፈጀውም ጊዜ ያው ነው። የሙዚቀኛው ኑሮ ግን ይወደዳል። ጉድለቱን የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል።

የሰጠም አለ፣ አልክድም። አንድ ለጋስ ስሙ የተጻፈበት ትልቅ ስፒከር ገዝቶላቸው ነበር። መብራት ሲቆረጥ ስፒከሩ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ለመብራት፣ ለኪራይ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ የሚሰጥ ጠፋ። እነዚህ ላይ ስም አይጻፍማ።

«የኔ ትንሽ ገንዘብ ምን ትፈይዳለች?» አትበሉኝ። በ1885 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት መቆሚያ በገንዘብ እጦት ሲስተጓጎል፣ የአንድ ጋዜጣ ጥሪ የሰማ ከ100 ሺህ በላይ ሰው አዋጥቶ አስጨርሶታል። አብዛኛው ሰው የሰጠው ከአንድ ዶላር በታች ነበር።

መምህርቷን ባለፈው ሳምንት አገኘኋት። ሰው ባዋሳት ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ 11 ልጆች ታስተምራለች። ስለዚያ ምሽት ይቅርታ ጠየቅኋት። «ሳቁን አልሰማሁትም» አለችኝ። ሰምታዋለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

አሁን ደመወዜ በገባ ቁጥር ባንኩ ትንሽ ገንዘብ ወደ እነሱ ሂሳብ ያስተላልፋል። ለበደሌ ካሳ አይሆንም፣ አውቃለሁ። እንዲህ የምንሰጠው ገና 6 ሰዎች ነን። 30 ብንሆን አንድ ቤት ተከራይታ እንደገና መክፈት ትችላለች። ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ከ200 አናንስም ነበር። ከመካከላችሁ 24 ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። ደክሞኛል፣ ግን እጠብቃችኋለሁ።