ለክቡር የቱርቦ ሥር ጠብታ፦ ተመልሰው እንዳይመጡ ስለማሳሰብ

ለ፦ ክቡር የዘይት ጠብታ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከጭነት መኪናዬ ሞተር በክብር ስለመሰናበትዎ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወጪዎ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የተዋወቅነው አዋሽ ላይ ነው። ከጂቡቲ ጭኜ ስመለስ ቁርስ ልቀምስ ቆምኩ። ስወጣ ረዳቴ አጎንብሶ መሬት ያያል። «ጋሼ፣ ዘይት ነው» አለኝ። ሳንቲም የምታህል አንዲት ጠብታ ነበሩ። «የሌላ መኪና ነው» አልኩት። ውሸቴን እንደሆነ እኔም፣ እሱም፣ እርስዎም እናውቃለን። አዳማ ስንገባ እርስዎ ቤተሰብ አፍርተው ነበር።

ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ገና ጋቢናውን ሳያነሳ «ቱርቦው ሞቷል» አለ፤ ለሞተሩ አየር የሚነፋውን ዕቃ ማለቱ ነው። ሬሳ ሳያይ መርዶ የሚነግር ሰው ያኔ ነው ያየሁት። ኋላ ፈትቶ አወጣውና መዘውሩን፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ፣ በጣቱ ወዘወዘ። «አየህ? ይንቀጠቀጣል!» እኔም እንደ ገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። የቱርቦ መዘውር በዘይት ላይ ተንሳፎ እንደሚሽከረከር፣ ዘይት ሳይኖረው ደግሞ ወደ ጎን ትንሽ መወዝወዙ የጤና እንደሆነ ማን ይንገረኝ? የሚያሰጋውማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለስ፣ ወይም አየር የሚገፉት ላባዎቹ የቤቱን ግድግዳ ሲጭሩ ነው። የእኔው ቱርቦ ላባ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም።

ሶማሌ ተራ ሄጄ በሁለት ሠንጋ ዋጋ አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን መካኒኩ «ለብረት ይሆናል» ብሎ ወሰደልኝ። ሸክም ስላቀለለልኝ አመሰገንኩት።

በሦስተኛው ሳምንት እርስዎ ተመለሱ። ያውም አምሮብዎት።

መካኒኩ አልደነገጠም። «እንግዲያው ጋርኒሲዮኑ ነው» አለና (በሁለት ብረት መካከል ገብቶ ዘይት የሚያግደውን ስስ ማሸጊያ ማለቱ ነው) የሲሊኮን ቱቦ መዘዘ። የልደት ኬክ የሚያስጌጥ ነበር የሚመስለው። ከዚያ በኋላ እርስዎ ከታች ማንጠባጠብዎ ሳያንስ ከላይም ማጨስ ጀመሩ። ቆሜ ቆሜ ስነሳ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ከመተሐራ ወደ አዳማ ያለውን ዳገት ስወጣ ከኋላ ያሉት ሹፌሮች መብራት ያበሩልኛል። ሰላምታ መስሎኝ እጄን አወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ተከሳሹ ስለ ቱርቦ አንድ ነገር ልበል። ይህን ዕቃ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንት አውጥቶበታል። በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር ያጎርሳል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ዘይት በግፊት ይገባለታል። ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ወርዶ ሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ፣ ኮፓ ውስጥ ይገባል። ዘይቱን የሚይዘውም እንደ ፒስተን ፋሻ ያለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው እንጂ ጠበቅ ያለ የጎማ ማኅተም አይደለም። ስለዚህ መውረጃው ከተዘጋ ቱርቦው ምን ያድርግ? በር የተቆለፈበት እንግዳ በመስኮት ይወጣል። እርስዎም እንደዚያ ነው ያደረጉት። ጥፋተኛው ግን ቤቱ ተባለ።

መድኃኒትዎን ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። ስለ ቱርቦው ሳወራላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ዘይት ወደ ላይ አይፈስም» አሉኝ። ፍለጋው ከጠብታው ሳይሆን ከላይ ይጀመራል ማለታቸው ነው። ሞተሩን በናፍጣ አሳጠቡት፤ በአየር አደረቁት። ቀጥለው ረዳቴን የሕፃን ፓውደር እንዲገዛ ላኩት። ሱቅ ያለችው እናት ዘይት የጠጣ ቱታውን አይታ «ወለዳችሁ? እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብላ መርቃ ሸጠችለት። እሱም «አሜን» ብሎ መጣ።

ሽማግሌው ፓውደሩን ነሰነሱት፤ ሞተሩ ተነሳ። የላይኛው ክዳን ደረቅ። ዘይት የሚያስገባው ቀጭን ቧንቧ ጋ ያለው የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ትንሽ አላበው። ከቱርቦው ሥር ካለው መውረጃ ግን ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ወረደ። ተገኙ ክቡር ሆይ! እጅ ከፍንጅ!

ሽማግሌው እዚያ አላቆሙም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱ። እንደ ጀበና ተነፈሰ። ልቤ ቀጥ አለ፤ የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ከሆነ ሞተር ማውረድ ነው። ዕድሌ ሆኖ የሞተሩ መተንፈሻ ነው የተደፈነው። ከፒስተን አምልጦ የሚወርደው ጋዝ መውጫ ሲያጣ በኮፓው በኩል ዘይቱን ይመልሰዋል። የአየር ፊልትሮውን ደግሞ አውጥተው መሬት ላይ ጠበጠቡት፤ የአፋር አቧራ ግማሹ እዚያ ነበር። እሱ ሲታፈን ቱርቦው አየር አጥቶ ዘይት ይስባል።

መውረጃው ሲፈታ ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ እንደ ትል የተጠቀለለ ሲሊኮን። ከጋርኒሲዮኑ ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው ኬክ ነው። ሁለተኛው የከሰለ ዘይት። ይሄኛው የእኔው ሥራ ነው፤ አልክድም። ዳገት ጨርሼ ሞተሩ እንደ ጋለ ወዲያው ነው የማጠፋው፤ ሽሮዬ እንዳይቀዘቅዝ። ዘይቱ እዚያው ቀርቶ ይከስላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ሠርቶ ይጥፋ ቢባል ሽሮው የት ይሄዳል?

ጥገናው አጭር ነው። መውረጃው ተጠረገ። አዲስ ጋርኒሲዮን ያለ ሲሊኮን ገባ። ሮንዴላ፣ መተንፈሻ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ተቀየሩ። ቱርቦው የነፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ውስጥ የተጠራቀሙት ዘመዶችዎም ተደፍተው ወጡ። ይህን አደራ ብለው ነው ያሠሩት፤ ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት በአየር መንገዱ ከጠጣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ብትከተውም አይጠፋም። ከመነሳቱ በፊት ቱርቦው ውስጥ ዘይት ጨመሩ፤ ናፍጣ ሳይሰጡት ጥቂት አስዞሩት። ደረቅ ቱርቦ ማስነሳት ገና ሳያገለግል መግደል ነው አሉኝ። ጭሱ ማርሚታው ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪቃጠል ትንሽ ቆየና ጠፋ።

ክቡር ሆይ፣ ለሁለት ሠንጋዎቼ ካሣ አልጠይቅዎትም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ «ለብረት» የሄደው ቱርቦ ሌላ መኪና ላይ ተገጥሞ ዳገት እየወጣ ነው አሉ። በደንብ ይነፋል አሉ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመጀመሪያው መካኒክ፦ የሲሊኮን ቱቦዎ እኔ ጋ ቀርቷል፤ እንዳይወስዱት።
ለሱቋ እናት፦ ሕፃኑ ደኅና ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደርቆ እያደረ ነው።