ውስጡን ለቄስ

ወርቅ ተውሶ ጥሎሽ የሚጥለውን፣ ሻንጣውንም በኪራይ መኪና አስጭኖ እልል የሚያስብለውን ሙሽራ የምታሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ሰውየው ጥበብ ላይ ነው። ጥበቡም በሳይንስ የተመሰከረለት ነው።

በአውሮፓ ሣር ሜዳዎች ፒሳውራ ሚራቢሊስ የምትባል ሸረሪት አለች። ወንዱ ሴት ፍለጋ ሲወጣ ዝንብ ይይዝና በነጭ ድር ደጋግሞ ይጠቀልላል፤ አድቦልቡሎም በመንጋጋው ይዞ ይቀርባል። ባዶ እጁን የመጣ ብዙውን ጊዜ ይባረራል፤ ሲከፋም ራሱ እራት ይሆናል። ሴቷ ጥቅሉን ነክሳ መምጠጥ ስትጀምር፣ እሱ ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት እግር መሰል አካላቱ ዘሩን ያስተላልፋል። መብሉ እስካለ ጊዜ አለው።

ብልጡ ታዲያ ዝንቡን አስቀድሞ ራሱ ይመጠውና ቅርፊቱን ይጠቀልላል። እሱም ከጠፋ የተክል ቁራጭ መች አነሰ? ላዩ ነጭ ሐር፣ ውስጡን ለቄስ! ካልነከሰች አታውቅምና እሷም ትቀበላለች።

እርግጥ ትንሽ እንከን አለው። ባዶነቱ ሲገባት ቶሎ አቋርጣ ትሄዳለች፤ ጊዜው ሲያጥር የሚተላለፈውም ዘር ያንሳል። ቢያጥርስ? ፎቶው እንደሆነ ተነሥቷል።

ጥቅሉን ይዛ ልትሮጥ ብትልም መላ አያጣም። እግሮቹን ዘርግቶ ድርቅ ይላል፤ ሞተ ያሰኛል። መንጋጋው ግን ጥቅሉን አይለቅም። እየጎተተችው ትሄዳለች። ቆማ መብላት ስትጀምር ቀስ ብሎ ነፍስ ይዘራና ካቆመበት ይቀጥላል። አበዳሪ ሲደውል ስልኩን የሚያጠፋ ሙሽራ ይህን ዘዴ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል።

አንጀቴን የሚበላኝስ የስሜኑ ጭላዳ ነው። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ ሴቶቹን የያዘው አውራ ደረት ከወንደላጤዎቹ ይበልጥ ይቀላል። ቅላቱ ከቆዳው ሥር የሚዘዋወር የራሱ ደም ነው። ለእሑድ የሚያከራየው የለ፣ ከአጎቱ ልጅ አይዋሰው። ምስኪን! ያለውን ብቻ እያሳየ ይኖራል።

አንተ ግን፣ ሙሽራው፣ ሐሩን ደራርብበት። ሐብሉን ብቻ ሚዜህ ማክሰኞ ይመልስ፤ ቅዳሜ ሌላ ሰርግ አለበት።