ከነጠላ ጫማው በላይ

የደብረ ብርሃን ውርጭ ባቄላ ያቃጥል እንደሆን እንጂ ሊቅ አያቃጥልም፤ ተመስገን። ማለዳ ጠባሴ ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ማንንም አስቁማችሁ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ ግድብ ሲሚንቶ ብትጠይቁ መልስ አታጡም። ኧረ መጠየቅም አያሻም! አንድ መለኪያ አረቄ ከቀመሰማ ሐኪሙ ያዘዘውን ክኒን ያስጥላችኋል። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለውን ተረት ምቀኛ ነው ያመጣው።

እንግሊዞች እንዲህ ላለው ባለጸጋ አንድ ብርቅ ቅጽል አላቸው፤ አልትራክሬፒዴሪያን። አፍ ያስራል፣ አይደል? «አልትራ» በላቲን ባሻገር ማለት ነው፤ «ክሬፒዳ» ነጠላ ጫማ። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ የታላቁ እስክንድር ሠዓሊ አፔሌስ ሥዕሉን ለአላፊ አግዳሚው አውጥቶ፣ ራሱ ከኋላ ተደብቆ ያዳምጥ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ መጣና በተሣለው ጫማ ላይ የማሰሪያ ቀለበት መጉደሉን ተናገረ። አፔሌስም አረመው። ሰውዬው በማግስቱ ልቡ አብጦ ሲመለስ እግሩንም መተቸት ጀመረ። ሠዓሊው ብቅ አለና፣ ጫማ ሰፊ ከጫማው በላይ አይፍረድ አለው። ምን ዓይነት ክፋት ነው? የእኛ ሰው ቢሆን ብሩሹን አስረክቦ አረቄ ይጋብዘው ነበር።

ቅጽሉን በ1819 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዊልያም ሃዝሊት፣ ዊልያም ጊፎርድ በሚባል ሐያሲ ላይ ወረወረው። ጊፎርድ በልጅነቱ የጫማ ሰፊ ተለማማጅ ነበር፤ ስድቡ በልኩ የተሰፋ ነው።

የከተማችንን ስም የሚያጎድፍ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ። ስለ ምንም ነገር አስተያየት የለውም! ባለፈው ሶሌ ተገንጥሎ ስሄድ፣ አንድ እግሩን በተዋሰው ሰንደል የከተተ ደንበኛ ስለ ልብ ቀዶ ጥገና ያስረዳዋል። እሱ ወስፌውን በሰም ያሻል። ደንበኛው ከልብ ወርዶ «ማስቲሹን አታብዛው» አለው። አሁንም ዝም።

እኔም ላለመበለጥ ስለ ክሬፒዳ፣ ስለ ላቲን፣ ስለ አፔሌስ ዘረዘርኩለት። አንገቱን እንደደፋ ጨርሶ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሡልኝ» አለ፤ «ክሩን ረግጠውታል።»