ኮኬይን ልብን ለመጉዳት ዓመታት አያስፈልገውም
ስለ ኮኬይን ባነበብሁት አንድ ጽሑፍ ላይ ያለው «ኮኬይን የሚጎዳው ለዓመታት የተጠቀመውን ሰው ነው» የሚል አባባል ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ኮኬይን የልብን ደም ሥሮች እያጠበበ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ያንራል፤ ልብ ብዙ ኦክስጅን በሚፈልግበት ሰዓት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ጤነኛ ወጣት በመጀመሪያው ቀን ሊሞት ይችላል። በጽሑፉ ሥር በሰጡት አስተያየት ኮኬይን «ጫት ለለመደ ሰው ምንም አይለውም» ላሉት ደግሞ፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገርም ልብን ያስሮጣልና ጫናው ይደራረባል። ማታ ለጨብሲ መጠጥ ሲጨመርበት ጉበት ኮኬይኑንና አልኮሉን አዋሕዶ ኮካኤቲሊን የተባለ፣ በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ለልብ መርዝ የሆነ ነገር ይሠራል። የከተማችንን ሙቀትም አትርሱ፤ ኮኬይን የሰውነትን ሙቀት ከፍ አድርጎ ማቀዝቀዣውን ስለሚያውክ በግንቦት ሐሩር አደጋው ይብሳል። ላብ ያጠመቀውን፣ ደረቱን ጨብጦ የሚያቃስተውን ልጅ ይዘው የሚመጡ ጓደኞች «ፀሐይ መትቶት ነው» ይሉናል። እባካችሁ፣ የወሰደውን ንገሩን! አንዳንድ የልብ ምት ማብረጃ መድኃኒቶች ኮኬይን የወሰደን ሰው ሕመም ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ሐኪሙ የሚመርጠው በምትነግሩት ላይ ተመሥርቶ ነው።