ዝም ካልክ ተስማምተሃል

የስኮትላንድ ዐቃቤ ሕግ ለጥቃቅን ወንጀሎች ፍርድ ቤት ሳይሄድ በራሱ የሚጥለው የገንዘብ ቅጣት ጣሪያው 300 ፓውንድ ነበር። ኮሮና ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ «ለጊዜው» ተብሎ 500 ገባ። በሽታው ሄደ፣ 500ው ቀረ። ኋላ ደግሞ ቋሚ ይሁን ተባለ። መቼስ «ለጊዜው» የተባለ ነገር እንዲህ ነው።

እኔን ያበሸቀኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ደጋፊዎቹ በተጠየቁ ቁጥር የሚመዟት መልስ ናት፦ ያልተስማማ ሰው እምቢ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፣ ማን አስገደደው?

እስቲ አሠራሩን እንየው። ደብዳቤ ይላክልሃል። እምቢ ለማለት 28 ቀን አለህ። ካልመለስክ እንደተስማማህ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ እሺ አላለም፣ አልፈረመም፣ ዝም ነው ያለው። ቤት የቀየረው፣ ማንበብ የሚቸግረው፣ የመንግሥት ፖስታ ባየ ቁጥር ልቡ ድው እያለበት ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚወረውረው፣ ሁሉም «ተስማምቷል»። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ነበር የምናውቀው፤ እዚህ የዐቃቤ ሕግ ሂሳብ ይገባበታል።

እምቢ ለማለት አቅሙ ያለውስ ማነው? ጠበቃ ያለው፣ ችሎት ሲመላለስ ቢውል ደሞዙ የማይቆረጥበት። ሌላው ንጹህ ቢሆን እንኳ ቁጭ ብሎ ያሰላል፦ ተከራክሬ ብሸነፍ ወንጀለኛ እባላለሁ፣ ከከፈልኩ ግን ይቀርልኛል። ከፍሎ ይገላገላል። ይሄንን ነው ፈቃድ የሚሉት!

በ1970ዎቹ ቤልጂየም ውስጥ አንድ ሥጋ ሻጭ በዋጋ ጉዳይ ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ 10,000 ፍራንክ ክፈል፣ አለዚያ ፍርድ እስኪሰጥ ሱቅህ ይዘጋል አለው። ከፈለ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1980 «ስምምነቱ» በግፊት የተገኘ ነው፣ ፍትሐዊ ችሎት የማግኘት መብቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደለት። የስኮትላንዱ ደብዳቤ ሱቅ አይዘጋም፣ እሺ። ግን ሰው ለማስፈራራት የግድ ሱቅ መዝጋት ያስፈልጋል እንዴ?

«ሪከርድ አይሆንም» ይላሉ ደግሞ። እውነት ነው፣ ጥፋተኛ ተብሎ እንደተፈረደበት አይቆጠርም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በተፈጸመ ሌላ ወንጀል ፍርድ ቤት ከቀረብክ ያችው ቅጣት ለዳኛው ልትነገር ትችላለች። አንድም ዳኛ ያላየው ጉዳይ ዳኛ ፊት ይመሰክርብሃል።

ፍርድ ቤቶቹ በመዝገብ ተጨናንቀዋል፣ ይገባኛል። ታዲያ ዳኛ ጨምሩ፣ ወይ ጥቃቅኑን ሁሉ መክሰስ ተዉ። እሱ ካልሆነላችሁ ቢያንስ ዝምታን እሺታ የምታደርገውን መስመር ሰርዟት። የተስማማ ይፈርም። ካልፈረመ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ይዞ ዳኛ ፊት ይቁም። ማስረጃው ካለው ምን ያስፈራዋል?