ውዝፍ 11 ተኩል

መስከረም 1 ቀን ጠዋት፣ የእንቁጣጣሹ ዶሮ ገና ከምድጃ ሳይወርድ፣ ወዳጄ በፌስቡክ ገጹ ላይ «በዚህ ወር 12 መጽሐፍ አነባለሁ» ሲል አወጀ። ምሳ ሳይደርስ ከ300 በላይ ሰው ወደደለት፤ «አንተ እኮ ጀግና ነህ» ያሉትም ብዙ ናቸው። ልብ በሉ፣ እስከዚያች ሰዓት አንዲት ገጽ እንኳ አልተገለጠችም። ድሮ ሰው መጀመሪያ አንብቦ ነበር በኋላ የሚመሰገነው። ምን ዓይነት ኋላ ቀር ዘመን ነበር!

«ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለውን በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እያየን አድገናል። ማንም ያልነገረን፣ ለማንበብ ማቀድም እኩል ሙሉ ሰው እንደሚያደርግ ነው፤ ያውም በአንድ ጠዋት፣ ዓይን ሳይደክም፣ መብራት ሄደ መጣ ሳይባል።

የእኛ ወር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። እንደ ፈረንጆቹ 28 ነው 31 ነው እያሰኘ አያወዛግብም፤ ቁርጥ ያለ 30 ነው። ወዳጄ ስሌቱን በማኪያቶ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠርቶ አሳይቶኛል። 12 መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ 300 ገጽ፣ ድምሩ 3,600፤ ለ30 ሲካፈል በቀን 120 ገጽ። አንዱ ገጽ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ በቀን አራት ሰዓት። «ሁለቱን ሰዓት ከታክሲ ሰልፍ አገኘዋለሁ» አለኝ። የቀሩትን ሁለት ሰዓታት ነገር አላነሳሁበትም። ታላቅ ሐሳብ ሲወለድ አጠገቡ ቆሞ ሒሳብ መጠየቅ ምቀኝነት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እነሱ እንቁላላቸውን ቁጭ ብለው ይጠብቁ።

ግዢውን አብረን ወጣን። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ መጽሐፍ አዟሪ፣ ከእምብርቱ እስከ አገጩ የደረደረውን ክምር ታቅፎ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ ቆሟል። «የምን መጽሐፍ ልስጥዎት?» አለው። ወዳጄ ክምሩን ከላይ እስከ ታች አየና «ወፈር ያለ» አለ። አዟሪው የለመደው ነገር ነው መሰለኝ ምንም አልገረመው፤ ክምሩን በአገጩ ደግፎ ከመካከል መዘዘለት። በዚያው ወደ አራት ኪሎ ወጥተን በ2014 በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ፎቶግራፍ ተነሣ። ወደ ውስጥ ለመግባት እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ የሚነበብ መጽሐፍ ይዞ ነበራ።

ዋናው ሥራ ግን የተሠራው ቤት ውስጥ ነው። 12ቱ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ከሥር መሠረት እንዲሆን ከ500 ገጽ በላይ ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተጋደመ። ከላይ ያለው መጽሐፍ መካከሉ ላይ ተገለጠ፤ ሰው ግማሹን ያነበበው እንዲመስለው። በተገለጠው ገጽ ላይ አንዲት አደይ አበባ፣ ከጎኑ ማኪያቶ፣ ከማኪያቶው ፊት ከአባቱ የተዋሰው መነጽር። አበባዋ ሦስት ጊዜ ወድቃ ሦስት ጊዜ ተነሣች። ማኪያቶው አረፋው ስለጠፋ በሌላ ተተካ። ይህ ሁሉ 40 ደቂቃ ፈጀ፤ ከዕለቱ የንባብ ሰዓት ላይ ተቀናሽ ሆነ።

እናቱ ቡና ሊያፈሉ ሲገቡ ክምሩን አዩ። «ምነው ልጄ፣ በዛብህን ከሁሉ በታች ጫንክበት?» አሉ። እኚህ እናት በ1958 የታተመውን ይህን ልብ ወለድ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ናቸው፤ ዛሬም ሰብለ ወንጌል ስትነሣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። ግን ምን ዋጋ አለው? ግብ አልነበራቸውም። በስንት ቀን እንደጨረሱት ቢጠየቁ አያውቁትም፤ ከነማኪያቶው የተነሡት ፎቶግራፍም የላቸውም። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ሪፖርት ላይ ይገባል?

ወዳጄ አላነበበም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምስጋና ገጾችን በሙሉ ጨርሷል። የ12ቱን ደራስያን የትዳር ጓደኞች በስም ያውቃቸዋል፤ ረቂቁን ማን አየው፣ ለማተሚያ ቤት የሚከፈለውን ማን አበደረ ብትሉት አንድ በአንድ ይዘረዝርላችኋል። ከጀርባ ሽፋን ላይ የሰፈሩትን አስተያየቶች በቃሉ ይወጣቸዋል። በተጨማሪም ከቴሌግራም ያወረዳቸው 400 ያህል መጻሕፍት ስልኩ ውስጥ አሉ፤ ስልኩ ሞልቶ የልጁን የልደት ፎቶግራፍ እስከ ማጥፋት ደርሷል። ለንባብ ከዚህ በላይ መሥዋዕትነት አላውቅም።

መስከረም 22 ላይ ወደ ግጥም ዞረ። ብልህ ውሳኔ ነው፤ በአንዱ ገጽ ላይ አራት ስንኝ፣ የቀረው ነጭ ወረቀት። ይሁን እንጂ ነጩንም በጥሞና ያነበው ነበር መሰለኝ ከመጽሐፉ ግማሽ አላለፈም። ብጠይቀው «ግጥም እኮ አይሮጡበትም» አለኝ።

በ30ኛው ቀን ሪፖርቱ ወጣ፦ የተነበበ ግማሽ፣ ውዝፍ 11 ተኩል። የጥቅምት እቅድ 12፣ ከነውዝፉ 23 ተኩል። ይህኛው ደግሞ ከመስከረሙ ይበልጥ ተወደደለት፤ ቁጥሩ አድጓልና።

በዚህ አካሄድ ውዝፉ ነሐሴ 30 ላይ 138 እንደሚደርስ አሰላሁለት። ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ስለሆነች በቀን ወደ 28 መጽሐፍ ይደርሰዋል። «ዘመነ ሉቃስ ቢሆን ግን» አልኩት ላጽናናው፣ «ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ በቀን 23 ብቻ።»

ፊቱ በራ። ደረሰኙን ገልብጦ እስክሪብቶውን አወጣና «ዘንድሮ ዘመነ ማን ነው?» አለኝ።