ዕድሜ ሲጨምር ኪኒኑም ይጨምራል ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ ኤፍኤም ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ አንዲት ልጅ ደውላ ስለ እናቷ ጠየቀች። እናት 76 ዓመታቸው ነው። በቀን ዘጠኝ ዓይነት መድኃኒት ይውጣሉ። ያዞራቸዋል፣ ሁለቴ ወድቀዋል፣ «በዛባቸው መሰለኝ» አለች። እንግዳው ባለሙያ ለአፍታም አላሰበበትም። ዕድሜ ሲገፋ መድኃኒት መብዛቱ ተፈጥሯዊ ነው፣ ዋናው አንዱንም ሳያቋርጡ መውሰድ ነው ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ደዋይ ታለፈ።

ተፈጥሯዊ! ዘጠኙ ኪኒን እንደ ሽበት በራሱ በቀለባቸው እንዴ? እያንዳንዱን የጻፈው ሰው ነው። የሰጠውም ሰው ነው። ልጅቷ መውደቃቸውን ነግራው እያለ የትኞቹን ነው የሚወስዱት ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

ተፈጥሯዊውን ከፈለግን ይኸው። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት ይደክማል። መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ በ50 ዓመት የሚስማማ መጠን በ76 ሊበዛ ይችላል። «ኩላሊቷ ተመርምሮ ኖርማል ነው ተብሏል» ትሉኝ ይሆናል። በኩላሊት ምርመራ የሚለካው ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ጡንቻቸው ያለቀ ቀጭን አሮጊት ኩላሊታቸው ተዳክሞም ወረቀቱ ኖርማል ሊል ይችላል። ዕድሜና ክብደት ገብቶ ካልተሰላ ያ ቁጥር ማረጋገጫ አይሆንም። ተፈጥሮ እንግዲህ የምትለው ቀንሱ ነው። እኛ እንጨምራለን።

መድኃኒት ቤት ስሠራ ባንኮኒው ላይ ብዙ ፌስታል ተዘርግፎልኛል። ተቆርጦ ስሙ የጠፋ ፓኬት። «1×2» ብቻ የተጻፈበት የወረቀት ፖስታ። ከሁለት ፋብሪካ የመጣ አንድ ዓይነት የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል፣ ቀለሙ ስለተለያየ ሁለቱም በየጠዋቱ የሚዋጥ። እንዲህ ያለ ፌስታል በአንድ ቀን አይሞላም። አሞላሉን ልንገራችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጉልበት ነው። ጉልበት ያማል፣ ዳይክሎፌናክ ይሰጣል። ያለ ማዘዣ የሚሸጥም፣ መርፌውን የሚወጋም አይጠፋም። ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ይጎዳል፤ እንግዲያው ኦሜፕራዞል ይጨመር። ዳይክሎፌናክ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ይይዛል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል። በቀጠሮ ቀን ግፊት ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለ ጉልበት የሚጠይቅ የለም። አምሎዲፒን ይታዘዛል። አምሎዲፒን ደግሞ እግር ያሳብጣል። ምስጢር አይደለም፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እግር ሲያብጥ ግን ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ካርድ፣ ሌላ ሐኪም። ፉሮሴማይድ፣ የሚያሸናው፣ ይጨመራል። እሳቸውም ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ። እንቅልፍ ጠፋ ይባላል። ለእንቅልፍ ዳያዜፓም ወይም አሚትሪፕቲሊን ይሰጣል። አሁን እናታችን ደንዝዘው፣ ግፊታቸው ወርዶ፣ መብራት በሌለበት፣ ግቢ ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ይወጣሉ። ዳሌ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ «አረጁ እኮ፣ ምን ይደረግ» እንላለን።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። ሮሾንና ጉርዊትዝ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የመድኃኒት ጎን ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት እንደሚታዘዝበት ጽፈዋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። እኛ አሁንም ተፈጥሯዊ ነው እንላለን።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ በመሃል የገቡት ሐኪሞች አንዳቸውም «ተሳስተናል» አለማለታቸው ነው። ሁሉም የፊታቸውን ምልክት አክመዋል። ይሄ አዲስ በሽታ ነው ወይስ ያለፈው መድኃኒት ያመጣው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። የሌላ ሐኪም ትዕዛዝ መሰረዝ ነውር ሆኗል። አክብሮት ይሉታል። እኔ ፈሪነት እለዋለሁ። በዚህ መሃል ዳይክሎፌናክ ከግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው መድኃኒት ጋር ሦስት ሆኖ ሲዋጥ ኩላሊትን በድንገት ሊጥል እንደሚችል እያንዳንዳቸው ትምህርት ቤት ተምረውታል።

«እኛ አገር ችግሩ የመድኃኒት እጥረት ነው፣ መብዛት የሀብታም አገር ጣጣ ነው» የሚሉም አሉ። በጣም ደካማው ክርክር ይሄ ነው። እጥረትና ብዛት አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ኢንሱሊን ፍለጋ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የሚዞረው ልጅ የእናቱን መሳቢያ ቢከፍት ሦስት ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ያገኛል። ኪሱ ሳስቶ ለማያስፈልግ ኪኒን የሚከፍል ሰው ከሀብታሙ የበለጠ ይጎዳል እንጂ አይድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳት የሌለበት የመድኃኒት አጠቃቀም ዘመቻውን ሲጀምር የመድኃኒት መደራረብን ከሦስቱ ዋና ጉዳዮች አንዱ ያደረገው ለስዊዘርላንድ ብቻ ብሎ አይደለም።

የራሳችን የሆነ አደጋም አለን። ለምሳሌ ግሊቤንክላማይድን እንይ። የስኳር መድኃኒት ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ። ስኳርን ለረጅም ሰዓት ያወርዳል። ለዚህም ነው የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ማርክ ቢርስ የተባለው ሐኪም የጀመረውን ዝርዝር በ2023 ሲያድስ፣ 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ከማይመከሩት መካከል ያስቀመጠው። አሁን እሱን ጠዋት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾም ቅዳሴ የሚቆሙ እናት አስቡ። በረመዳን እስከ መግሪብ የሚቆዩ አባት አስቡ። ስኳራቸው ወርዶ ሲወድቁ ሰው ደከማቸው ይላል። መድኃኒቱን ሲጽፍ «ይጾማሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ስንቱ ነው? ለታመመ ጾም አይገደድም ብሎ መምከርም ይቻላል፣ እንደማይሰሙት እያወቁ። ሰዓቱንና መድኃኒቱን መቀየር ግን የሐኪሙ ሥራ ነው።

ዲያስፖራውንም አልምርም። ከአሜሪካ የሚመጣው ሻንጣ ውስጥ አድቪል አለ፣ ታይለኖል ፒኤም አለ። በፍቅር ነው የሚላከው፣ አውቃለሁ። አድቪል የዳይክሎፌናክ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱን ደርቦ የሚወስድ አባት «የአሜሪካው ይሻላል» እያለ ነው የሚደርበው። ታይለኖል ፒኤም ውስጥ ያለው እንቅልፍ አምጪው ዳይፈንሃይድራሚን ደግሞ አረጋዊን ግራ የሚያጋባ፣ ሽንት የሚይዝ፣ ሆድ የሚያደርቅ ነው። በቢርስ ዝርዝር ውስጥ እሱም አለ።

«ለልብ ጥሩ ነው» ተብሎ በየቤቱ የሚዋጠው አስፕሪንም እንዲሁ። በአውስትራሊያና በአሜሪካ የልብ ሕመም የሌለባቸው ከ19,000 በላይ አረጋውያን ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ያለ አካል ጉዳትና ያለ የአእምሮ መርሳት የሚኖሩትን ዕድሜ አልጨመረም። መድማትን ግን ጨመረ። ልባቸው ታሞ ወይም ስትሮክ መቷቸው የታዘዘላቸው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እነሱ እንዳያቆሙ።

እዚህ ላይ የሬዲዮው ባለሙያ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የልብና የግፊቱ አቴኖሎል፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ነው) ወይም ዳያዜፓም በአንድ ጊዜ አይጣልም፣ በሐኪም ክትትል ቀስ ተብሎ ይቀነሳል። ታዲያ «ዝም ብለሽ አታቁሚ፣ ሐኪም ይይልሽ» ማለትና «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት አንድ ነው እንዴ? ለልጅቷ የመጀመሪያውን ማለት ነበረበት።

ደግሞ የአረጋዊን መድኃኒት አንድ በአንድ የሚፈትሽ ባለሙያ የለም አትበሉኝ። ክሊኒካል ፋርማሲ አገራችን ውስጥ መማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ተመርቀው የተቀመጡ ልጆች አሉ፣ ቆጠራና ማከፋፈል ላይ የተመደቡም አሉ። በየተመላላሽ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለአረጋውያን ፌስታል ብቻ ቢሰጣቸው ሆስፒታሉን ምን ያከስረዋል? በኔ ግምት ምንም።

እስከዚያው ግን ሙሉውን ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የአሜሪካውንም፣ የሰፈሩንም፣ ጎረቤት ያዋሰውንም። በየአንዳንዱ ላይ ለምንድነው፣ እስከ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ቢቆጣ ይቆጣ።